ልጅቷ ትበልጣለች፣ ግን እሱ ያሳዝናል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እሁድ ማታ፣ እህቴ ቤት። በቴሌቪዥን የድምፃውያን ውድድር ፍጻሜው ላይ ደርሷል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቀርተዋል። የእህቴ ልጅ ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በእናቷ ስልክ ቴክስት ትልካለች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። የ50 ብሩ ካርድ አለቀና ሌላ አስፋቀች። "ለማን ነው እንዲህ የምትለፊው?" አልኳት። ለልጁ ነው። "ከሁለቱ ማን ይበልጣል?" ስላት ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ መለሰችልኝ።

"ልጅቷ ትበልጣለች። ግን እሱ ያሳዝናል፣ ጋሼ።"

ልጁ አሸነፈ። አቅራቢው "ሕዝብ የመረጠው!" ብሎ እጁን ወደ ላይ አነሳለት። እኛም አጨበጨብን።

ያቺ አነጋገር ግን ከጆሮዬ አልወጣችም። ደጋግሜ ሳስባት ወደ አንድ የቆየ ታሪክ መለሰችኝ፤ ብዙዎቻችን በዲሽ ወደምናየው አሜሪካን አይዶል። ዛሬ የማወራችሁ ስለሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በኛው ልቀይራቸው ሞክሬ እኔው ራሴ ተምታታብኝ።)

አይዶል በ2002 ሲጀምር ሴት ማሸነፏ ማንንም የሚያስገርም ነገር አልነበረም። የመጀመሪያዋ አሸናፊ ኬሊ ክላርክሰን ናት። በ2003 ሩበን ስተዳርድ፣ በ2004 ፋንቴዢያ ባሪኖ፣ በ2005 ካሪ አንደርውድ፣ በ2006 ቴይለር ሂክስ፣ በ2007 ጆርዲን ስፓርክስ። ከስድስት አራቱ ሴቶች ናቸው። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ "ተመልካች ለሴት ድምፅ አይሰጥም" ቢል የሚሰማው አልነበረም።

ከዚያ 2008 መጣ። ዴቪድ ኩክ አሸነፈ። 2009 ክሪስ አለን። 2010 ሊ ዲዋይዝ። 2011 ስኮቲ ማክሪሪ። 2012 ፊሊፕ ፊሊፕስ። አምስት ዓመት፣ አምስት ወንዶች፣ አምስቱም ነጮች፣ አምስቱም ጊታር የያዙ። በ2008ና በ2009 ፍጻሜ ላይ ሴት የሚባል ጭራሽ አልደረሰም። በቀጠሉት ሦስት ዓመታት ሴት ለፍጻሜ ደረሰች፤ ክሪስታል ባወርሶክስ፣ ሎረን አላይና፣ ጄሲካ ሳንቼዝ። ሦስቱም ተሸነፉ። የአሜሪካ ጋዜጦች "ጊታር የያዘው ነጭ ልጅ" የሚል ስም አውጥተው በየዓመቱ ይቀልዱበት ጀመር።

አንዳንዱ ምክንያቱ ጊታሩ ነው አለ። ጨርሶ ውሸት አይደለም። ተወዳዳሪዎች መሣሪያ ይዘው መድረክ እንዲወጡ የተፈቀደው በዚያው በ2008 ነበር። ማይክ ብቻ ይዞ ከመቆም ጊታር አንግቶ መውጣት ሰውን "አርቲስት" ያስመስለዋል፤ ይህን እኛም አገር አይተነዋል። ግን ክሪስታል ባወርሶክስም ጊታር ነበራት። ዳኞቹ እያወደሷት ነው ፍጻሜ የደረሰችው። እሷስ ለምን ተሸነፈች?

ሌላው ማብራሪያ ይበልጥ ታዋቂ ነው፤ "ስልክ የሚደውሉት ትንንሽ ሴት ልጆች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የሚወዱት ቆንጆ ወንድ ነው።" በየቶክ ሾው ይህ ተደጋገመ። እኛም አገር "የሴት ጠላቷ ሴት ናት" የምትል አባባል አለችን፤ ነገሩ ሁሉ በሷ ይዘጋል። ልብ በሉ፣ የተጎዱት ሴቶች፣ ጥፋተኞቹም ሴቶች! ደንቡን ያወጣው፣ ስልኩን የሸጠው፣ ማስታወቂያውን የሰበሰበው የለበትም።

እኔ ደግሞ ደንቡን ማየት እፈልጋለሁ።

በአሜሪካን አይዶል አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። ዝግጅቱ ሲያልቅ ስልኩ ለሁለት ሰዓት ያህል ክፍት ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈለግከውን ያህል ትደውላለህ። መቶ ጊዜ፣ ሦስት መቶ ጊዜ። ቴክስትም እንደዚያው። በ2011 በኢንተርኔት መምረጥ ሲጀመር ብቻ ነው ለኢንተርኔቱ ገደብ የተደረገው፤ እሱም ለአንድ ሰው 50 ድምፅ። ገደብ ከተባለ።

ቁጥሩን ተመልከቱት። በ2002 ፍጻሜ 15.5 ሚሊዮን ድምፅ ተሰጠ። በ2008 97.5 ሚሊዮን። በ2012 ፊሊፕ ፊሊፕስና ጄሲካ ሳንቼዝ በተፋጠጡበት ማታ 132 ሚሊዮን። በዚያው ዓመት ኦባማና ሮምኒ በተወዳደሩበት የፕሬዝዳንት ምርጫ መላ አሜሪካ የሰጠው ድምፅ 129 ሚሊዮን ገደማ ነው። ፍጻሜውን በቴሌቪዥን ያየው ሰው ግን 21 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር። ስልኩን ያልነካውንም፣ ሶፋ ላይ ያንቀላፋውንም አባት ቆጥረን ለእያንዳንዱ ተመልካች ስድስት ድምፅ ይደርሰዋል። እንግዲህ እያንቀላፋ ያለው አባት ስድስቱን ካልላከ፣ የእሱን ድርሻ የላከለት ሰው አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የእህቴ ልጅ ነገር የገባኝ። እንዲህ ያለው ቆጠራ "ማን ይበልጣል?" የሚለውን ጥያቄ አይጠይቅም። የሚጠይቀው "ለማን ስትል ጣትህን ታደክማለህ?" ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች በጣም የተለያዩ ናቸው። ጎበዝ ናት ተብላ የተደነቀች ተወዳዳሪ አንድ ጊዜ ይደወልላታል፤ "እሷማ ምን ትሆናለች" ተብሎ ጭራሽም ላይደወልላት ይችላል። የሚያሳዝነው ልጅ፣ ወንድም የሚመስለው፣ የሕልም ፍቅረኛ የሚመስለው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይደወልለታል። አድናቆትና ስስት እኩል አይደውሉም።

በዚህ ላይ ድምፁ የሚቆጠረው ለአንደኛ ምርጫ ብቻ ነው። የሁሉም ሰው ሁለተኛ ምርጫ የሆነች ሴት ድምፅዋ ዜሮ ነው።

ከዚህ ሁሉ እንደ 2011 የሚያሳይ የለም። ለመጨረሻው ዙር 13 ተወዳዳሪዎች አለፉ፤ ሰባት ሴቶች፣ ስድስት ወንዶች። ከዚያ በተመልካች ድምፅ ማሰናበት ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ተሰናባች ሴት። ሁለተኛዋ ሴት። በአንድ ማታ ሁለት ሰው ሲሸኝ ሁለቱም ሴቶች። አምስተኛዋ ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን ምሽት የተሸኘችው ፒያ ቶስካኖ ናት። ፒያ ከውድድሩ አስተማማኝ ድምፆች አንዷ ነበረች፤ ዘጠነኛ ወጣች። ስሟ ሲጠራ አዳራሹ ጮኸ፣ ዳኞቹ ተናደዱ፣ ጄኒፈር ሎፔዝ አለቀሰች። መድረኩ ላይ ስድስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ቀሩ። አንድም ወንድ አልተነካም።

የሚያሳርረው ሌላው ነገር ይህ ነው። አይዶል ከ2009 ጀምሮ "የዳኞች ማዳን" የሚባል ደንብ ነበረው። ተመልካቹ በጣም የተሳሳተ ሲመስላቸው ዳኞቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ተወዳዳሪ ማትረፍ ይችላሉ። በ2009 ያዳኑት ማት ጂሮድን ነው። በ2010 ማይክል ሊንችን። በ2011 ደግሞ ፒያ ከመሰናበቷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ኬሲ ኤብራምስን አድነው ዕድሉን ጨርሰዋል። ፒያ መድረክ ላይ ቆማ ስታለቅስ እጃቸው ባዶ ነበር። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ወንዶች። ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በዳኞች የዳነችው በ2012 ነው፤ ጄሲካ ሳንቼዝ። ስለዚህ "ሞኙ ተመልካች" ብቻ አልነበረም። የተመልካቹን ስህተት እንዲያርሙ የተቀመጡት ሰዎችም ልባቸው መጀመሪያ የራራው ለወንድ ነው። ተንኮል ነበር አልልም። ኬሲ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ በዚያ ላይ ታሞ ነበር። ያሳዝን ነበር።

የስልክ ኩባንያውንም አልዘለውም። ከውድድሩ ዋና ስፖንሰሮች አንዱ ኤቲ ኤንድ ቲ ነበር፤ በቴክስት ድምፅ መስጠት ይችል የነበረውም የእሱ ደንበኛ ብቻ ነበር። በ2009 ክሪስ አለን ከአዳም ላምበርት ጋር ለፍጻሜ ሲቀርብ፣ የኩባንያው ሠራተኞች በክሪስ የትውልድ ግዛት በአርካንሶ በተዘጋጁ የደጋፊዎች ግብዣዎች ላይ ተገኝተው ነጻ ስልክ አቅርበው፣ በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ ድምፅ እንዴት እንደሚላክ አሳይተዋል። በአዳም ላምበርት ወገን እንዲህ ያለ ድግስ አልነበረም። ነገሩ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሲወጣ ኩባንያው ጥቂት የአካባቢ ሠራተኞች በራሳቸው ተነሳሽነት ያደረጉት ነው አለ፤ ፎክስም ውጤቱን አልቀየረም ብሎ ዘጋው። ምናልባት እውነቱን ነው። ግን "ሕዝብ መረጠ" የሚለው ቃል በስንት እጅ አልፎ እንደሚመጣ ያሳያል።

አንድ ነገር ልመልስ። "ያው የአሜሪካ ጉዳይ ከቆዳ ቀለም አይወጣም" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ሁለቱ ተጣምረው ነው የሚሄዱት። በ2004 በአንድ ሳምንት ዝቅተኛ ድምፅ ያገኙት ሦስቱ ተወዳዳሪዎች ፋንቴዢያ፣ ላ ቶያ ለንደንና ጄኒፈር ሃድሰን ሆነው ተገኙ። ሦስቱም ጥቁር ሴቶች፣ ሦስቱም ከሁሉ የላቁ ድምፆች ናቸው ሲባልላቸው የነበሩ። ጄኒፈር ሃድሰን ሰባተኛ ሆና ተሰናበተች። ኤልተን ጆን የዚያን ዓመት ድምፅ አሰጣጥ በይፋ ዘረኝነት አለው። እኔ እንደሚመስለኝ ከዘረኝነቱም በተጨማሪ ሦስቱ አንድ ዓይነት አድማጭ ተካፍለው ተጎድተዋል፤ ሦስት ሴት በአንድ ሰፈር ሱቅ እንደከፈተች ማለት ነው። ሃድሰን ከሦስት ዓመት በኋላ ኦስካር ወሰደች። ኦስካር ላይ በቴክስት አይመረጥም።

ከ2012 በኋላ ምን ሆነ? በ2013 አምስት ወንድና አምስት ሴት ይዞ ወደ መጨረሻው ዙር ገባ። ይኸኛው ደግሞ ግልብጥ ነው፤ አምስቱም ወንዶች ተራ በተራ ወጡ። ካንዲስ ግሎቨር ክሪ ሃሪሰንን አሸነፈች። ካንዲስ በሦስተኛ ሙከራዋ የመጣች ግሩም ድምፃዊት ናት። ብዙ ሰው ግን አዘጋጆቹ ዘንድሮ ሴት እንድታሸንፍ ደካማ ወንዶችን አሰልፈዋል ብሎ ጠረጠረ። ማስረጃ አላየሁም፤ ጥርጣሬው ግን ድሏን አበላሸባት። ሴት ሳታሸንፍ "ተመልካች አልፈለጋትም"፣ ስታሸንፍ "ተመቻችቶላት ነው።" የመጀመሪያ አልበሟ በመጀመሪያ ሳምንቱ 19 ሺህ ያህል ብቻ ተሸጠ። ከዚያ በ2014፣ 2015 እና 2016 እንደገና ወንዶች። ፎክስ ላይ በቆየባቸው 15 ዙሮች አሥር ወንድ፣ አምስት ሴት።

ታዲያ ተመልካች ሁልጊዜ እንዲህ ነው? አይደለም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ዘ ቮይስ የሚባለው ውድድር ለአንድ ሰው የሚፈቀደውን ድምፅ በቁጥር ገድቦ ነበር፤ ተወዳዳሪው የዘፈነውን ዘፈን ገዝቶ ማውረድም እንደ ድምፅ ይቆጠር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሸናፊዎች ወንዶች ናቸው። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ግን ካሳዲ ፖፕ፣ ዳንየል ብራድበሪና ጃማይካዊቷ ቴሳን ቺን ተከታትለው አሸነፉ። ሦስት ሴቶች በተርታ። በሦስት ዙር ሕግ አይወጣም፤ ቢሆንም ሰዎቹ ያው አሜሪካውያን ናቸው፣ የተለየው ቆጠራው ነው።

በአፍሪካም አለ። ኢትዮጵያም በኋለኞቹ ዙሮች የተሳተፈችበት ቢግ ብራዘር አፍሪካ የአንድ አገር ሰው የፈለገውን ያህል ቴክስት ቢልክ የአገሩን ውጤት እንደ አንድ ድምፅ ይቆጥር ነበር። በ2013 በዚህ መንገድ ያሸነፈችው የናሚቢያዋ ዲሊሽ ማቲውስ ናት፤ ሕዝቧ ሁሉ ቢሰበሰብ የሌጎስን አንድ ጥግ አይሞላም። የናይጄሪያው ቢግ ብራዘር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ለወንዶች ከሰጠ በኋላ በ2019 መርሲ ኢኬ አሸነፈች። እስከዚያ ድረስ እዚያም "ሴት ለሴት አትመርጥም" ይባል ነበር። ከሷ በኋላ ሴቶች ደጋግመው አሸነፉ፤ አባባሉም ቀስ ብሎ ድምፁን አጠፋ።

የእኛን ሰው በቀጥታ የሚነካው ግን የእስራኤሉ ነው። ውድድሩ ኮኻብ ኖላድ ይባል ነበር። አማርኛ ለሚያውቅ ትርጉም አያስፈልገውም፣ ኮከብ ተወለደ ማለት ነው። በ2003 የመጀመሪያዋ አሸናፊ ኒኔት ጣየብ ነበረች። ከዚያ ከ2004 እስከ 2008 አምስት ወንዶች በተከታታይ። አዎ፣ እዚያም አምስት፤ አይዶል የራሱን አምስት ሳይጨርስ። ከዚያ በ2009 ሮኒ ዳሉሚ፣ በ2010 ዲያና ጎልቢ፣ በ2011 ሐጊት ያሶ።

ሐጊት ያሶ ስዴሮት የተወለደች የቤተ እስራኤል ልጅ ናት። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ናቸው። ስዴሮት ከጋዛ አጠገብ ያለች፣ ሮኬት የለመደች ትንሽ ከተማ ናት። ውድድሩ እንደ አሜሪካው በቴክስት ነበር፤ ደጋግሞ የላከ ያሸንፍ ነበር። እንግዲህ ደንቡ ያው ከሆነ ሐጊት እንዴት አለፈች? ድምፅዋ ነው፣ እሱ ምንም አያጠያይቅም። ከድምፅዋ ጀርባ ግን ለሌላው ተወዳዳሪ ያልነበረው ነገር ነበር፤ የኔ የሚላት አንድ ከተማና አንድ ማኅበረሰብ። በየቤቱ ያለ አያት፣ ዕብራይስጡ ገና ያልተፈታለት፣ የልጅ ልጁን "ላኪላት" የሚልላት። በአይዶልም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር አያለሁ፤ ካሪ አንደርውድን ኦክላሆማ ያለችው ትንሿ ቼኮታ የራሷ አድርጋ ነበር የያዘቻት። ለማያውቀው ሰው ጣቱን የሚያደክም ተመልካች ብዙ ጊዜ የሚያደክመው ለወንድ ልጅ ነው። ሴቷ ሰፈሯን ይዛ መምጣት አለባት።

ይህን ስል ወንዶቹ አይችሉም ማለቴ አይደለም። ፊሊፕ ፊሊፕስ በፍጻሜው ማታ የዘፈነው "ሆም" የአይዶል አሸናፊዎች ካወጧቸው ዘፈኖች ሁሉ በብዛት ከተሸጡት ነው፤ ልጁ በኩላሊት ሕመም እየተሰቃየ ነበር ውድድሩን የጨረሰው። እኔም ብሆን ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ለሱ እልክ ነበር መሰለኝ። ይህን ለማመን ትንሽ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በዚያች ማታ የተሸነፈችው ጄሲካ ሳንቼዝ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ለዓመታት ስሟ እምብዛም አልተሰማም። በመስከረም 2025 አሜሪካስ ጎት ታለንት የሚባለውን ውድድር በተመልካች ድምፅ አሸነፈች። በ2006 ያው ውድድር ሲጀመር የ10 ዓመት ሕፃን ሆና ቀርባበት ነበር። ስታሸንፍ 30 ሆኗት ነበር፤ ለፍጻሜው የወጣችው የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር ሆና ነው።

ቪዲዮውን ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። እስከ መጨረሻው አየችውና "ወይኔ፣ ድምፅዋ!" አለች። ትንሽ ቆየት ብላ፣

"እንዲያው ግን ጋሼ፣ በዚያ ሆዷ ቆማ ስትዘፍን አሳዝናቸው ይሆን እንዴ የመረጧት?"